የጀልባ ላይ ዲሽ እና የሰማይ ድንበር

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 ማርች መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጌ የመንገደኞች መርከብ ከእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ራቅ ብላ መልሕቋን ጣለችና ዘፈን ማሰራጨት ጀመረች። የጣቢያው ስም ራዲዮ ካሮላይን ይባላል። መርከቧ የቆመችው ከእንግሊዝ የግዛት ውኃ ውጭ ስለነበር፣ ጣቢያው ፈቃድ ባይኖረውም የአገሩ ሕግ እጁ አልደረሰበትም።

በዚያው ዓመት ኦገስት አሜሪካ ሲንኮም 3 የተባለ ሳተላይት አመጠቀች። ኦክቶበር ላይ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ምስል፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ማለት ነው፣ በዚህ ሳተላይት በኩል ፓስፊክ ውቅያኖስን ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ።

ከሁለቱ ክስተቶች አንድ ድምዳሜ ላይ መድረስ ቀላል ነበር፦ ባሕርና ሰማይ ድንበር የላቸውም። ይህ ድምዳሜ ዛሬም አለ። በተለይ ለመዝናኛ ጀልባው የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው በልቡ ይዞት ይዞራል። ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ "ዲሹ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ዋጋውስ?" ታሪኩ ግን ከሁለቱ በፊት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ይናገራል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው።

ቆሞ የሚታይ ሳተላይት፣ ቆሞ የማያውቅ ቤት

ነገሩ የሚጀምረው ከ1945 ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ በዚያ ዓመት ኦክቶበር "ዋየርለስ ወርልድ" በተባለ መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ አካል ምድርን የሚዞርበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ከመሬት ሆኖ ለሚያየው ሰው አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል።

የቤት ዲሽ ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ይተከላል፣ ብሎኑ ይጠበቃል፣ ይረሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ዲሽ ሲስተካከል ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባለሙያው ጣሪያ ላይ ሆኖ ዲሹን በጥቂቱ ይገፋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው "መጣ! ኧረ ሄደ! ወደነበረበት መልሰው!" እያለ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ትንሽ ካዞረው ምስሉ ይቆራረጣል።

ትንሿ መዛነፍ ይህን ያህል የምትጎዳው ለምንድን ነው? በ12 ጊጋ ኸርዝ ገደማ የሚሠራ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ሰማዩን የሚያየው 3 ዲግሪ ያህል በሆነች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ከመሃሉ ወደ ጎን 1.5 ዲግሪ ሲስት የሚሰበስበው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። አሁን ያንን ቤት ውኃ ላይ አስቀምጡት። ጀልባ መልሕቅ ጥሎ እንኳ ሌላ ጀልባ በአጠገቡ ሲያልፍ ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። በጉዞ ላይ ደግሞ አቅጣጫውንም ይቀይራል።

ዲሹ ትልቅ በነበረበት ዘመን

በ1970ዎቹ የነበሩት ሳተላይቶች የሚልኩት ኃይል ደካማ ስለነበር ተቀባዩ ዲሽ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆን ነበር። በ1979 ኒመን ማርከስ የተባለው የአሜሪካ መደብር በገና ካታሎጉ ላይ የቤት ሳተላይት መቀበያ በ36,500 ዶላር አቀረበ። እንዲህ ያለ ነገር ጀልባ ላይ መስቀል የማይታሰብ ነበር።

ባሕር ላይ ሳተላይት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ1976 ማሪሳት የተባሉ የባሕር መገናኛ ሳተላይቶች ሥራ ጀመሩ። በ1979 ደግሞ ኢንማርሳት በመንግሥታት ስምምነት ተቋቋመ። ዓላማቸው ስልክ፣ ቴሌክስና የአደጋ ጊዜ ጥሪ ነበር። ቴሌቪዥን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ራሱን እያስተካከለ ሳተላይት የሚከተል ዲሽም ለትልልቅ መርከቦች ይሠራ ነበር፤ ዋጋውም ክብደቱም ለግል ጀልባ የሚሆን አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ሳተላይቶቹ ሲበረቱና ዲሹ ሲያንስ ነው። አስትራ 1ኤ በዲሴምበር 1988 መጠቀ። በፌብሩዋሪ 1989 የእንግሊዙ ስካይ በእሱ ላይ አራት ቻናሎች ይዞ ሥርጭት ጀመረ፤ ለተመልካቹ 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ በቂ ነበር። በ1994 አሜሪካ ውስጥ ዳይሬክቲቪ 45 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዲሽ ብቅ አለ። የጀልባው በር የተከፈተው ያኔ ነው።

ከኮምፓስ ወደ ቴሌቪዥን

በዚህ በር ከገቡት አንዱ ኬቪኤች የተባለው የሮድ አይላንድ ኩባንያ ነው። በ1982 ሲቋቋም ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ሐሳቡ ውስጥ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ምርቱ ለእሽቅድድም ሸራ ጀልባዎች የሚሆን ዲጂታል ኮምፓስ ነበር። ጀልባ በየቅጽበቱ ወዴት እንደዞረ በትክክል ማወቅ የቻለ ኩባንያ፣ ዲሹን በተቃራኒው አቅጣጫ ያንኑ ያህል የማዞር ሥራ ላይ መድረሱ አያስገርምም። ትራክቪዥን የተባሉት ነጫጭ ጉልላቶቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ወደቦች የተለመዱ ሆኑ። በ2004 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኢንቴሊያን ተመሥርቶ ተፎካካሪ ሆነ።

ጉልላቱ ከውጭ የተገለበጠ ባልዲ ይመስላል። ውስጡ ግን ሥራ የበዛበት ነው። ጂፒኤስ ጀልባው የት እንዳለ ይናገራል፤ ከዚያ ተነሥቶ ዲሹ ምን ያህል ቀና ማለት እንዳለበት ይሰላል። ጋይሮ እያንዳንዱን ውዝዋዜ ይለካል። ትንንሽ ሞተሮች ዲሹን በተቃራኒው ይገፉታል። ሪሲቨሩ ቤት ውስጥ ካለው አይለይም።

ሻጩ ስለዚህ ክፍል ረጅም ሰዓት ሊያወራ ይችላል፤ ቢያወራም እውነት አለው። ገዢው የሚያመዛዝነውም እዚህ አለ። 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ከ37 ሴንቲ ሜትሩ 2.6 እጥፍ ያህል ኃይል ይሰበስባል፤ ዝናብ ሲመጣ ልዩነቱ ይታያል። ነገር ግን ይከብዳል። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ክብደት ደግሞ ትንሽ ጀልባን ይበልጥ እንዲወዛወዝ ያደርገዋል። ምሰሶ ወይም ሸራ ፊቱ ላይ ከቆመ ምንም ዓይነት ሞተር አያድነውም። ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ሳተላይቱ ወደ አድማሱ ዝቅ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚያይ ዲሽ ኖርዌይ ላይ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ያያል።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ እነዳይሬክቲቪ የላኩት ሞገድ እየተጠማዘዘ የሚጓዝ ስለነበር ኤልኤንቢው በምን ያህል እንደተጋደመ ለውጥ አያመጣም። አውሮፓ ውስጥ ግን ሞገዱ በቁም ወይም በአግድም ይጓዛል። ስለዚህ ከፖርቱጋል ወደ ግሪክ የሚሄድ ጀልባ ኤልኤንቢውን እግረ መንገዱን ማጋደል አለበት። በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ፣ ጉልላቱን ከፍቶ በእጁ ያጋድለዋል። በውዶቹ ላይ ሞተር ይሠራዋል። የዋጋው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የምህንድስና ጥያቄ ነው። ምህንድስናውም አሸንፏል። ታዲያ ገንዘብ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ድንበሩ የሚሠመረው የብስ ላይ ነው

ወደ ራዲዮ ካሮላይን እንመለስ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1967 ያወጣው ሕግ የእንግሊዝ ዜጋ ከባሕር ለሚያሰራጩ ጣቢያዎች ስንቅ እንዳያቀብል፣ ማስታወቂያም እንዳይሰጥ ከለከለ። መርከቧን ከባሕር ማንሳት አላስፈለገም፤ ከየብስ ያለው ገመድ ተቆረጠ። ነገሩ ልብ ይባል፦ ባሕር ላይ ያለው ድንበር የተሠመረው በገንዘብ ነው፤ የተሠመረውም የብስ ላይ ነው።

በሳተላይት ቴሌቪዥንም የሆነው ይኸው ነው። ፊልምና ስፖርት የሚሸጠው በአገር ነው። የእግር ኳስ መብት ለእንግሊዝ የገዛ ጣቢያ ለስፔን አልገዛም። ቢቢሲ በ2003 ከስካይ የምስጢር ቁልፍ ወጥቶ ያለ ካርድ የሚታይ ሲሆን ቻናሎቹን ወደ አስትራ 2ዲ ወሰደ። የዚህ ሳተላይት ጨረር ሆን ተብሎ በብሪታንያና በአየርላንድ ዙሪያ የጠበበ ነበር። ቁልፍ ሲቀር ጠባብ ጨረር አጥር ሆነ።

የአጥሩ ዋጋ የታየው በደቡብ ነው። ጡረታ ወጥተው ስፔን የሚኖሩ እንግሊዛውያን የአገራቸውን ቻናል ለማየት ግዙፍ ዲሽ ጓሯቸው ውስጥ ተከሉ። በፌብሩዋሪ 2014 ቢቢሲ ወደ አስትራ 2ኢ ሲዛወር ከእነርሱም ብዙዎቹ ምስሉን አጡ። እንግዲህ የብስ ላይ ቆሞ፣ ጓሮ ሙሉ ዲሽ ይዞ ያልተቻለው ነገር 60 ሴንቲ ሜትር ጉልላት ለያዘ ጀልባ እንዴት ይቻላል? ባለጀልባው ከደቡብ እንግሊዝ ተነሥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ሲወርድ አንድ ቀን ስክሪኑ ይጨልማል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጋይሮው ጤነኛ ነው። ዲሹ ሳተላይቱን በትክክል እያየ ነው። ሳተላይቱ ግን ወደዚያ አይናገርም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጀልባው ከወደቡ ሳይወጣ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ዳይሬክቲቪ ከ2005 በኋላ ጥራታቸው የላቀ ቻናሎቹን ኬኤ ባንድ ወደተባለ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ሲወስድ፣ ለቀድሞው ፍሪኩዌንሲ ብቻ የተሠሩት ጉልላቶች ሊከተሉት አልቻሉም። ዕቃው አልተበላሸም፤ የሚናገረው ቋንቋ ተቀየረ እንጂ።

እዚህ ላይ ለጣቢያዎቹም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። መብቱን ለአንድ አገር የገዛ ጣቢያ ለሌላው አገር በነፃ ቢበትን ውሉን አፍርሷል። አጥሩ ምክንያት አለው። ጥፋቱ ያለው አጥሩን ከገዢው በመደበቅ ላይ ነው። "ባሕር ላይ የትም ሆነው ይመልከቱ" ብሎ ዕቃ መሸጥ፣ ቁልፍን ያለ ቤቱ እንደመሸጥ ነው።

አጥሩ ፈረሰ?

ስፔስኤክስ የመጀመሪያዎቹን 60 የስታርሊንክ ሳተላይቶች በሜይ 2019 ሲያመጥቅ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። ሳተላይቶቹ የሚዞሩት 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አይቆሙም። መቀበያው ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ እያዞረ ስለሚከተላቸው፣ የጀልባው ውዝዋዜ የድሮው ዓይነት ችግር መሆኑ ቀረ። በጁላይ 2022 የባሕሩ አገልግሎት ይፋ ሲሆን መሣሪያው 10,000 ዶላር፣ ወርሃዊ ክፍያው 5,000 ዶላር ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ለትንንሽ ጀልባዎች የሚቀርብ ዋጋ መጣ። ስካይ ራሱ በ2021 ዲሽ የማይፈልግ ቴሌቪዥን ለገበያ አቀረበ።

ብዙዎች "አሁንስ ድንበሩ ፈረሰ" አሉ። አልፈረሰም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ድሮ የሚጠይቀው ጨረሩ ነበር፣ ዛሬ የሚጠይቀው የኢንተርኔት አድራሻው ነው። የቢቢሲ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ከብሪታንያ ውጭ ላለ ሰው አይከፈትም። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ዜጎቹ የከፈሉበትን አገልግሎት ወደ ሌላ አባል አገር ለጊዜው ሲሄዱ ይዘውት እንዲሄዱ ሕግ አወጣ። ሕጉ ያስፈለገው አጥሩ ስላለ ነው። ስታርሊንክም ቢሆን በየአገሩ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ

የጀልባ ዲሽ የሚመርጥ ሰው ጥያቄዎቹን ቢገለብጣቸው ይበጀዋል። መጀመሪያ፦ ጀልባው በዓመት ውስጥ የት የት ይሄዳል? ቀጥሎ፦ የሚፈለገው የማን ቻናል ነው፣ ጨረሩ ወይም ውሉስ እስከዚያ ይደርሳል? ሦስተኛ፦ ቴሌቪዥኑ የሚታየው በጉዞ ላይ ነው ወይስ ከቆሙ በኋላ? ነፋስና ማዕበል በማያገኘው ወደብ ውስጥ ታስሮ ብቻ ለሚያይ ሰው የብስ ላይ የሚተከል ተራ የቤት ዲሽ ሊበቃው ይችላል፤ በሺዎች የሚቆጠር ገንዘብም ይተርፈዋል። የሴንቲ ሜትሩና የዋጋው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

መሐንዲሶች ለሚወዛወዝ ጀልባ የማይወዛወዝ ዲሽ ሠርተውለታል። ትልቅ ሥራ ነው። ማዕበሉን ያሸነፈው ዲሽ ግን ውሉን አያሸንፍም። ካርታውን ሳያይ የገዛ ሰው ባሕር መሃል የሚያገኘው ጤነኛ ጉልላትና ጥቁር ስክሪን ነው።