ዐዝል፣ የሚስት ፈቃድና ሉፕ

አራርቆ መውለድ የፈረንጅ ወሬ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ሶሐባው ጃቢር (ረ.ዐ) ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ዐዝል፣ ማለትም ዘርን ከማኅፀን ውጭ ማፍሰስ፣ ያደርጉ እንደነበር ተናግረዋል። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ገዛሊም በኢሕያእ ኪታባቸው ፈቅደውታል፤ ሚስትን ከወሊድ አደጋ መጠበቅንም ከምክንያቶቹ ቆጥረዋል።

ክርክሩ የበረታው በሚስት ፈቃድ ላይ ነበር። በወሎ ከሚቀሩት መዝሀቦች ሐነፊዮች በመሠረቱ ፈቃዷን ሲጠይቁ፣ ሻፊዒዮች ዘንድ ላላ ያለ አስተያየት አለ። ለእኔ የሐነፊዎቹ ይበልጥ ልብ ይሞላል፤ አርግዛ የምታምጠው እርሷ ናትና።

ዛሬ ገራዶ ያለች እናት መርፌው ባይስማማት ምን ትምረጥ? ዐዝል ብቻውን ከሆነ ከመቶ ሴቶች 20 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። ጥቢም የሚያስተማምነው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባ ሳይመለስ ነው፤ «ሁለት ዓመት አጠባለሁ» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ኮንዶም ሁልጊዜ ከያዙት ይጠቅማል። የመዳብ ሉፕ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለግላል፤ በዓመት ከመቶ አንዷ እንኳ አታረግዝበትም። ሆኖም ደሙን ሊያበዛ፣ ቀኑንም ሊያስረዝም ስለሚችል የሶላቷን ነገር ዓሊም ትጠይቅ።

አንዳንዶች ሉፕን የሚፈሩት ጽንስ ያስወርዳል ብለው ነው። መዳቡ በዋነኛነት የሚሠራው ግን የወንዱን ዘር በማዳከም ከእንቁላሉ እንዳይደርስ አድርጎ ነው፤ በዚህ ለዐዝል ይቀርባል።