ሄርማንስቡርግ፤ ከአሸዋማው ምድር እስከ ወለጋ

በሰሜን ጀርመን፣ በዛሬው የኒደርዛክሰን ክፍለ ሀገር፣ ኧርትሰ በሚባለው ወንዝ ዳር የሚገኘው ሄርማንስቡርግ፣ ቤተ መንግሥትም ሆነ ታላቅ ገበያ ያልነበረው የገጠር መንደር ሲሆን፣ ስሙ ግን ባሕር ተሻግሮ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሓ ለተተከሉ ሰፈሮች መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ የሥራውም ፍሬ በሀገራችን በወለጋ ይታያል። የዚህን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሰዎቹ ታሪክ አስቀድሞ የመሬቱን ጠባይ መመርመር ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአካባቢው ምድር በጥንተ ዘመን ከሰሜን የወረደው የበረዶ ግግር ትቶት የሄደው አሸዋና ጠጠር ስለ ሆነ፣ እህል በብዛት የሚያበቅል አይደለም። ጥንት ይሸፍነው የነበረውም ደን በእንጨት ቈረጣና በከብት ግጦሽ ብዛት ከመመናመኑ የተነሣ፣ በነሐሴ ወር ሐምራዊ አበባ የሚያብበው ዝቅተኛ ቍጥቋጦ ስፍራውን ወረሰ። ገበሬው ይህን ቍጥቋጦ ከነሥሩና ከነዐፈሩ እየላገ በበረት ውስጥ ያነጥፈው፣ ከእበት ጋር ከተዋሐደ በኋላም ወደ እርሻው ይበትነው ነበር፤ በዚህም ጥቂቱን ማሳ ሲያለማ ሰፊውን ሜዳ ያራቍት ነበር። የኑሮው መደገፊያ በቍጥቋጦው ላይ የሚሰማሩት ቀንዳም ግራጫ በጎችና፣ ከገለባ በተጎነጎነ ቀፎ የሚያነባቸው ንቦች ነበሩ። የርስቱም ሕግ መሬት እንዳይከፋፈል ሲል ለአንድ ወራሽ ብቻ ስለሚያወርስ፣ የቀሩት ልጆች ሎሌነት ወይም ስደት ዕጣቸው ነበር።

መንደሩ ስሙን ያገኘው በ973 ዓ.ም. ከሞተው ከሳክሶኑ መስፍን ከሄርማን ቢሉንግ እንደ ሆነ፣ ወንጌልንም ወደ ስፍራው ያመጣው ላንዶልፍ የተባለ መነኵሴ እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ሄርማንስቡርግ ከጐረቤቶቹ የሚለይበት ነገር እምብዛም አልነበረውም።

ይህን ዝምታ የሰበረው በ1808 ዓ.ም. የተወለደው ቄስ ሉድቪግ ሐርምስ ነው። ሐርምስ በአባቱ እግር ተተክቶ የመንደሩ መጋቤ ሆነ፤ ምእመናኑንም በሚናገሩበት በገጠሩ ቋንቋ ጭምር እያስተማረ ልባቸውን ማረከ። በ1849 ዓ.ም. የስብከተ ወንጌል ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ከደቀ መዛሙርቱ የሚበዙት የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጆች ነበሩ። እርሱም ሰባኪን ብቻውን ከመላክ ይልቅ፣ እንደ ጥንቶቹ የምዕራብ ገዳማት፣ ራሱን በእጁ ሥራ የሚመግብ ሙሉ ማኅበር መላክን መረጠ።

ዐሳቡም ወደ ኢትዮጵያ ያዘነበለ ነበር፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ የነበረው ሉድቪግ ክራፕፍ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፈው በጀርመን አገር ይነበብ ነበርና። ስለዚህ በ1853 ዓ.ም. በስጦታ ገንዘብ የተሠራችው መርከብ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በተጠቀሰችው በኢትዮጵያ ንግሥት ስም «ሕንደኬ» ተባለች፤ ስምንት ሰባኪዎችንና ስምንት ሠራተኞችንም ይዛ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቀዘፈች። ነገር ግን የዛንዚባር ሡልጣን ሹማምንት በሞምባሳ በኩል ወደ ውስጥ እንዳያልፉ ስለ ከለከሏቸው፣ ፊታቸውን ወደ ደቡብ መልሰው በ1854 ዓ.ም. በናታል ሰፈሩ፤ ሰፈራቸውንም በመንደራቸው ስም ጠሩት።

ሐርምስ በ1865 ዓ.ም. ያሰበውን ሳያይ ዐረፈ። ወንድሙና ተተኪው ቴዎዶር ደግሞ አዲሱን የጋብቻ ሥርዐት አልቀበልም በማለቱ በ1878 ዓ.ም. ከመንበሩ ስለ ተሻረ፣ ትንሹ መንደር በሁለት ቤተ ክርስቲያን ተከፈለ። የመጀመሪያው ዓላማ የተፈጸመው መርከቢቱ ከተነሣች ከ74 ዓመት በኋላ፣ በ1927 ዓ.ም. የሄርማንስቡርግ መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ በተላኩ ጊዜ ነው፤ በማግሥቱም ዓመት በወለጋ በአይራ ሥራ ጀመሩ። በዚያ የተተከለው ሥራ ከጊዜ በኋላ ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባበረ።

ሄርማንስቡርግ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኡንተርሉስ ጋር ተዋሕዶ ዙድሃይደ በሚባል አንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ይተዳደራል። የአንድ መንደር ታላቅነት በሕዝቡ ብዛት ወይም በዐፈሩ ልምላሜ ብቻ እንደማይለካ ታሪኩ በቂ ምስክር ነው፤ መሬት የነፈገቻቸው የገበሬ ልጆች ከመንደራቸው የራቀ ሥራ ጀምረዋልና። ስለዚህ የወለጋን የወንጌል ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንታችን፣ ጥናታቸውን ከአይራ ብቻ ሳይጀምሩ፣ መልእክተኞቹን ያበቀለውን ያን አሸዋማ ምድርም አብረው እንዲመረምሩት ይገባል።