የቤዝፔጅን ጥቁር ሜዳ የሠራው ማን ነው?

የጐልፍ ጨዋታ በብዙ አገር በባለጸጎች ማኅበር አጥር ውስጥ ተወስኖ የኖረ ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ በሎንግ አይላንድ ላይ የሚገኘው የቤዝፔጅ «ብላክ»፣ ማለት ጥቁሩ ሜዳ፣ ከዚህ ልማድ የተለየ ነው። ሜዳው የሕዝብ መናፈሻ ክፍል ስለሆነ ማንም ሰው ተራውን ጠብቆ ዋጋውን ከፍሎ ይጫወትበታል፤ ተራ እንዳያመልጣቸው በመኪናቸው ውስጥ የሚያድሩም አሉ። ነገር ግን በመነሻው ላይ ሜዳው እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ይህን የሕዝብ ሀብት የሠራው ማን ነው ቢባል መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ከ1929 የኤኮኖሚ ውድቀት በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ሥራ አጥ ሆነ። በዚያን ጊዜ የሎንግ አይላንድን መናፈሻዎች ይመሩ የነበሩት ሚስተር ሮበርት ሞዝስ፣ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ባለሀብት የነበሩትን የቤንጃሚን ዮኩምን ርስት ወደ ሕዝብ መናፈሻነት ለወጡት። መንግሥት ለሥራ አጦች በመደበው ገንዘብ የተቀጠሩ ሠራተኞች መሬቱን ደለደሉ፤ ጥቁሩም ሜዳ በ1936 ተከፈተ።

ሜዳው ለብዙ ዘመን የአካባቢው ሕዝብ መጫወቻ ሆኖ ከቈየ በኋላ በእንክብካቤ ማነስ ተጐሳቈለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የጐልፍ ማኅበር ወጪውን ችሎ በሚስተር ሪስ ጆንስ መሪነት አሳደሰው። በ2002 የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ተደረገበት፤ የመንግሥት ንብረት በሆነና መንግሥት በሚያስተዳድረው ሜዳ ላይ ይህ ውድድር ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ለሜዳው ከተመደበው የምት ቍጥር ባነሰ የፈጸመው አሸናፊው ታይገር ዉድስ ብቻ ነው። ከዚያም በ2009 ኦፕኑ ተመለሰ፤ በ2019 የፒ.ጂ.ኤ. ሻምፒዮና፣ በ2025 ደግሞ የራይደር ዋንጫ ተደረገበት።

ክብሩ ሲመጣ ክርክሩም አብሮ መጣ። የሜዳው ነዳፊ ተብለው የሚጠሩት ዊንግድ ፉትንና ባልተስሮልን የነደፉት ሚስተር ኤ. ደብልዩ. ቲሊንጋስት ናቸው። በ2002 ግን አንድ የጐልፍ መጽሔት ጸሐፊ ምስጋናው የሚገባው የመናፈሻው ኃላፊ ለነበሩት ለሚስተር ጆሴፍ በርቤክ ነው ሲል ጻፈ። በዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የቲሊንጋስት የራሳቸው ቃል ነው፤ ከሜዳዎቹ አንዱ እጅግ ከባድ ሆኖ እንዲሠራ ያሰቡት በርቤክ መሆናቸውን በዚያው ዘመን ጽፈዋል። ደግሞም ቲሊንጋስት አማካሪ ነበሩ እንጂ የዘወትር ተቈጣጣሪ አልነበሩም፤ ሜዳው ሳይከፈት በ1935 ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። በሌላ በኩል የአሸዋ ጉድጓዶቹ ስፋትና አቀማመጥ የቲሊንጋስትን የቀድሞ ሥራዎች እጅግ ይመስላል። እንግዲህ ሐሳቡንና የዕለት ተቈጣጣሪነቱን ለበርቤክ፣ የነደፋውን ጥበብ ለቲሊንጋስት መስጠት ከማስረጃው ጋር ይስማማል።

ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ሁለት ሰዎች ስም ብቻ ነው። በአካፋና በዶማ አፈሩን ያነሡት፣ በዚያ የችግር ዘመን ከሜዳው ደመወዝ ቤተ ሰባቸውን የመገቡት ሠራተኞች በክርክሩ ውስጥ አይታሰቡም። ገንዘቡም የሕዝብ ነበር። የአንድ ሕንፃ ወይም የአንድ መንገድ ታሪክ ሲጻፍ ነዳፊውን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያዘዘው፣ የከፈለውና የቈፈረው ካልተጠየቀ ታሪኩ ጐዶሎ ይሆናል። ጥቁሩ ሜዳ የሕዝብ ነው የሚባለው ሁሉም ስለሚጫወትበት ብቻ ሳይሆን፣ ከመነሻው በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ጉልበት ስለተሠራም ጭምር ነው።