ሕገ መንግሥታትን ማነጻጸር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፤ ከወናጎ አንጻር ሲታይ

ወናጎ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጌዴኦ ዞን ውስጥ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ የሚናገረው ጌዴኡፋ ሲሆን፣ የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በበኩሉ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን በአንቀጽ 106 ደንግጓል። በመሆኑም ተማሪው የአገሩን ሕገ መንግሥት ከሌሎች አገሮች ጋር ከማነጻጸሩ አስቀድሞ አንዱን ሰነድ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ማገናዘብ ይጠበቅበታል።

ትምህርቱ በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ “የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት” በሚል ስያሜ ሲሰጥ የቆየ ነው። መጽሐፎቹ የዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታን፣ የሕግ የበላይነትን፣ እኩልነትንና ፍትሕን ጨምሮ በ11 እሴቶች ላይ የተዋቀሩ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ “የዜግነት ትምህርት” በሚል ስያሜ ተተክቷል። ስያሜው ቢለወጥም ሕገ መንግሥት የትምህርቱ ዋነኛ ይዘት ሆኖ ቀጥሏል።

ንጽጽር የአንቀጾችን ብዛት ከመቁጠር ካላለፈ ትርጉም አይኖረውም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 7 አንቀጾች ሲኖሩት የኢትዮጵያው 106 አሉት፤ ይህ ብቻውን ስለ ሁለቱ መንግሥታት የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። የሚያስተምረው ለእያንዳንዱ ሰነድ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ማቅረብ ነው፦ ሥልጣን ከማን ይመነጫል? ሰነዱን የሚተረጉመው ማን ነው? የሚሻሻለውስ እንዴት ነው? የተጻፈው በተግባር እንዴት ተፈጸመ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ በኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ መመለስ ይቻላል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች የነበሩት ሲሆን፣ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀውም እ.ኤ.አ. የ1889ን የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት በማድረግ ነው። ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢፈቅድም የንጉሠ ነገሥቱን የበላይነት ጠብቋል። በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ሥልጣን የሠራተኛው ሕዝብ ነው ሲል፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓ) መሪ ኃይል አድርጎ ሰይሟል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆናቸውን ይገልጻል።

ይህ ለውጥ ለጌዴኦ አርሶ አደር ምን ማለት እንደነበረ የመሬት ጉዳይ ያሳያል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንብረት ባለቤትነትን በጽሑፍ ያወቀ ቢሆንም፣ የጌዴኦ ገበሬዎች በ1952 ዓ.ም. ከመሬት ሥሪትና ከምርት ክፍያ ጋር በተያያዘ ጥያቄ በምቺሌ አመፅ ተነስተዋል። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ንብረትን የሚመለከት ድንጋጌ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ሊመዘን እንደማይችል ተማሪው ከዚህ ይረዳል።

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ የአገሮች ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በአሜሪካ ሕጎችን ከሕገ መንግሥቱ አንጻር የመመርመር ሥልጣን በፍርድ ቤቶች እጅ መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1803 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። ጀርመንና ደቡብ አፍሪካ ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቋቁመዋል። በኢትዮጵያ ግን ይህ ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሳቢያ ምርጫው በተራዘመበት ወቅት ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ የዚህ አሠራር ጉልህ ማሳያ ነው።

የማሻሻያ ሥርዓትም እንዲሁ ይለያያል። በአሜሪካ ማሻሻያ በሦስት አራተኛ ግዛቶች መጽደቅ ያለበት ሲሆን፣ እስካሁን የጸደቁት 27 ናቸው። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ ሰብዓዊ ክብርን የመሳሰሉ መርሖዎች ከቶ እንዳይሻሻሉ ይከለክላል። በኢትዮጵያ በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶችና ነጻነቶች ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማትና ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ከክልሎች አንዱ ካልተስማማ ማሻሻያው አይጸድቅም ማለት ነው።

አራተኛው ጥያቄ በወናጎ ከመጽሐፍ ውጭ የታየ ነው። አንቀጽ 47 ሲጸድቅ የዘረዘራቸው ክልሎች 9 የነበሩ ሲሆን፣ አዲስ ክልል የሚመሠረትበትንም ሥርዓት አስቀምጧል፤ ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል፣ ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ጌዴኦን ጨምሮ 6 ዞኖችና 5 ልዩ ወረዳዎች በጋራ ክልል ለመመሥረት ባቀረቡት ጥያቄ ላይ ግን ውሳኔ የሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ ሕዝበ ውሳኔውን ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ያስፈጸመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። በወላይታ ዞን ድምፅ አሰጣጡ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ተደግሟል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር በይፋ ሲመሠረት ዲላ ከክልሉ ስድስት ማዕከላት አንዷ ሆናለች፤ የአገሪቱም ክልሎች ቁጥር 12 ደርሷል።

በድንጋጌው ቃልና በአፈጻጸሙ መካከል ያለው ልዩነት በክፍል ውስጥ ሊሸሸግ የሚገባው አይደለም። ጠያቂው አንድ ብሔረሰብ ሳይሆን በርካታ አካባቢዎች በጋራ ሲሆኑ ድንጋጌው እንዴት ይነበባል? ሕዝበ ውሳኔን ከክልል ምክር ቤት ይልቅ ገለልተኛ ቦርድ ማስፈጸሙ ምን ጥቅም አለው? እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ሕገ መንግሥቱን ማቃለል ሳይሆን በቁም ነገር ማንበብ ነው።

ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኛውም ቅርብ ነው። አንቀጽ 9 ባለሥልጣናትን ጨምሮ ማንኛውም አካል ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለበት ሲደነግግ፣ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሕገ መንግሥቱን የአማርኛ ቅጂ፣ የክልሉን ሕገ መንግሥትና ከሕዝበ ውሳኔው ጋር የተያያዙ ሰነዶችን ለትምህርት ቤቶች ቢያደርሱ፣ የምክር ቤት ጉባኤዎችንም ተማሪዎች እንዲከታተሉ ቢፈቅዱ፣ መምህሩ የሚያነጻጽረው በእጁ ያለውን እውነተኛ ሰነድ ይሆናል። ዛሬ በወናጎ አንቀጽ ከአንቀጽ የሚያስተያየው ተማሪ 18 ዓመት ሲሞላው የመምረጥ መብት ይኖረዋል፤ በቀጣይ ሕዝበ ውሳኔም ሆነ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አይሻሻል በሚለው ክርክር ድምፁን የሚሰጠው በዚህ ክፍል ባገኘው ግንዛቤ ነው።