ያልፈነዳው ጥይት፦ ዳግም የተሞላ ቀለሃ ለታሪክ ጸሐፊ ምን ይነግረዋል?



ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ጉዳይ በመዳፍ የሚያዝ ነው። ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ነገሥታቱና ስለ ውሎቹም እንዲሁ። እኔ የምናገረው ግን ስለ አንድ ትንሽ አምስት ጎራሽ ሽጉጥና አንድ ጊዜ ተተኩሶ፣ ቀለሃው ተለቅሞ፣ እንደገና ስለተሞላ ጥይት ነው። ተኳሹ ቃታውን ይስባል፤ መዶሻው ይወድቃል፤ ነገር ግን ቀጭ ይላል እንጂ ጥይቱ አይፈነዳም። ወይም በአምስቱ ጥይት ዙሪያ መዞር የሚገባው ሲሊንደር ከመንገድ ቆሞ አልንቀሳቀስም ይላል። ወይም ደግሞ፣ ከሁሉ የከፋው፣ ቀለሃው በሽጉጡ ውስጥ ይሰነጠቃል።

ይህ የጠመንጃ ጠጋኝ እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ጉዳይ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ብልሽትን እንደ አንድ የታሪክ ምንጭ እንድንመለከተው እሻለሁ። በትክክል የሚሠራ ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ አይናገርም። የተበላሸ ዕቃ ግን የትኛው ክፍሉ በቤት እንደተሠራ፣ የትኛው ከባሕር ማዶ እንደመጣ ይመሰክራል። የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ የውጭውን ታሪክ ስጠቅስ እ.ኤ.አ.፣ የአገራችንን ስጠቅስ ደግሞ ዓ.ም. እያልሁ እለያለሁ።

ጥይት ስንል አራት ነገሮችን በአንድነት ማለታችን ነው፦ ወደ ዒላማው የሚሄደው አረር፣ አረሩን የሚገፋው ባሩድ፣ ሁለቱን አቅፎ የሚይዘው የናስ ቀለሃ፣ እንዲሁም በቀለሃው መቀመጫ መካከል የተሰካችው፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጠው ካፕሱል። መዶሻው የሚመታው ካፕሱሏን ነው። በውስጧ ያለው ቅመም በምት ይነድዳል፤ እሳቱም በቀለሃው ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ከተኩሱ በኋላ አረሩ ሄዷል፤ ባሩዱ ነድዷል፤ ካፕሱሏም ሥራዋን ጨርሳለች። የሚቀረው ቀለሃው ብቻ ነው። ከአራቱ ብዙ ድካምና ብዙ ማዕድን የፈሰሰበት እርሱ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ መጣሉን ጠላ። ዳግም የመሙላት ጥበብ የተወለደው ከዚህ ቁጭት ነው።

ነገር ግን ይህ ጥበብ ከመጀመሪያው የሚቻል አልነበረም። ሳሙኤል ኮልት በ1836 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሽጉጥ ባሩዱንና አረሩን በሲሊንደሩ ፊት ለፊት ይቀበል ነበር፤ ካፕሱሏ ለብቻዋ ከኋላ ትደረጋለች። ስትፈነዳ የምትሰነጠቀው የካፕሱል ፍርፋሪም ወደ መሣሪያው ውስጥ እየገባ ሲሊንደሩን ያስር ነበር። ሮሊን ዋይት በ1855 እ.ኤ.አ. ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ሲሊንደር ላይ መብት አገኘ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ድርጅትም በዚህ መብት ተጠቅሞ በ1857 እ.ኤ.አ. ጥይቱን ከነቀለሃው የሚጎርስ ትንሽ ሽጉጥ አወጣ። ይህም የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ቀለሃው ከስስ መዳብ የተሠራ ስለነበር በተኩሱ ግፊት መቀመጫው ወደ ኋላ ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሰው ነበር። ሠሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሽጉጦች ላይ ከሲሊንደሩ ኋላ አብራው የምትዞር ክብ ሳህን የጨመሩት ለዚህ ነው። ያችን ትንሽ ሳህን የሚያይ ሰው የዘመኑ የመዳብ ሥራ ምን ያህል ደካማ እንደነበር ያነብባል።

የዚያ ዘመን ጥይት የሚነድደው ቅመሙ በቀለሃው ከንፈር ዙሪያ ስለነበረ፣ አንዴ ከተመታ ዳግመኛ የሚሞላ አልነበረም። ነገሩን የለወጡት በ1866 እ.ኤ.አ. የቀረቡ ሁለት መፍትሔዎች ናቸው፤ ሁለቱም ካፕሱሏን ከቀለሃው መካከል አኖሯት። የአሜሪካዊው የበርዳን ቀለሃ ካፕሱሏ የምትደቆስበትን ጉብታ በራሱ ላይ ይዞ፣ እሳቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከጉብታው ግራና ቀኝ ነው። የእንግሊዛዊው የቦክሰር ቀለሃ ግን ቀዳዳው አንድና በመካከል ነው፤ የሞተችውን ካፕሱል በቀጭን መርፌ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። የሚደንቀው አሜሪካ የእንግሊዛዊውን፣ አብዛኛው የኤውሮፓ ጦር ደግሞ የአሜሪካዊውን ስልት መምረጣቸው ነው። በቤቱ ቀለሃ የሚሞላ ተራ ሰው በአሜሪካ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጎሽ አዳኞች ከከተማ ርቀው በሜዳ ላይ ጥይታቸውን ይሞሉ ነበር። ጆን ባርሎው በ1884 እ.ኤ.አ. በኮነቲከት ያቋቋመው አይዲያል የተባለ ድርጅት ደግሞ እንደ ጉጠት በእጅ የሚያዝ መሙያ ለገበሬውም ለከተሜውም ይሸጥ ነበር።

በዚህ መሙያ ከሚሞሉት ጥይቶች መካከል ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጡት የ0.38 ኢንች አምስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥይት አንዱ ነው። ሽጉጡ ትንሽና ቀላል ነው። ጠመንጃ የጎበጠ ቀለሃ ሲያጋጥመው ተኳሹ በክንዱ ኃይል ገፍቶ ያስገባዋል፤ ሽጉጥ ግን ጥይቱን በጣት ብቻ ይቀበላል፣ በጣት ብቻ ይዞራል። መዶሻውም ቀላል ነው። ስለዚህ የሞላው እጅ የሠራትን ጥቂት ስሕተት ሳይቀር ያጋልጣል።

ሲሊንደሩ አልዞር ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ ባዶውን ይዞራል ወይ የሚለው ነው። ባዶውን የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ እንጂ የሽጉጡ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የነካው ከኋላ ነው ወይስ ከፊት የሚል ነው። ከኋላ ከሆነ ካፕሱሏ በጉድጓዷ ውስጥ በሚገባ አልተቀመጠችም፤ ወይም ቀለሃው ከቀድሞው ተኩስ ስላበጠ እስከ ከንፈሩ አልገባም። ከፊት ከሆነ ደግሞ አረሩ ከቀለሃው ወጥቷል ማለት ነው። ሽጉጡ ሲራገጥ ቀለሃዎቹ አብረውት ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ያልተተኮሱት አረሮች ግን ባሉበት መቆየት ይፈልጋሉና፣ የቀለሃው አፍ ጠበቅ ተደርጎ ካልተያያዘ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ጥይት ደኅና ተኩሶ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ሽጉጡ ከታሰረ ምልክቱ ይህ ነው።

ጥይቱ በመጀመሪያው ምት ዝም ብሎ በሁለተኛው የሚፈነዳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ካፕሱሏ በከፊል ብቻ ገብታ ነበር፤ የመጀመሪያው ምት ኃይሉን የጨረሰው እርሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። በዚህ ስፍራ ሰው ሽጉጡን ይወቅሳል፤ የመዶሻው ምንጭ ደከመ ይላል። ወቀሳው ግን የሚገባው ለሞላው እጅ ነው።

ከባዱ የስሕተት ታሪክ የቀለሃው መሰንጠቅ ነው። የቀድሞዋ ካፕሱል ቅመም ሜርኩሪ ነበረበት። በጥቁር ባሩድ ዘመን ብዙ ጥላሸት ስለሚቀር ሜርኩሪው ከጥላሸቱ ጋር ይቀላቀልና ቀለሃው ሲታጠብ አብሮ ይወገዳል። ጭስ የሌለው ባሩድ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲመጣ ጥላሸቱ ቀረ፤ ሜርኩሪው ግን በቀጥታ ወደ ናሱ ገብቶ እንደ ሸክላ ተሰባሪ አደረገው። በዓይን ሲያዩት ንጹሕና አዲስ የሚመስል ቀለሃ በሚቀጥለው ተኩስ ይፈነዳ ጀመር። ብዙዎች አዲሱን ባሩድ ወቀሱ። ባሩዱም ፍጹም ንጹሕ አልነበረም፤ በጥቁሩ ባሩድ መስፈሪያ እየሰፈሩ ከሚገባው በላይ በመሙላት ሽጉጣቸውን የሰነጠቁ ነበሩና። የናሱ መሰባበር ግን ከካፕሱሏ የመጣ ነበር። ጥፋተኛዋ ከሁሉም ትንሿ፣ ማንም ልብ ያላላት ክፍል ነበረች።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ባሕር ማዶ ነው። ነገር ግን የቦክሰር ቀለሃ የተሠራለት ጠመንጃ ስናይደር፣ የእኛ አባቶች ሰናድር ያሉት፣ ወደ አገራችን ያሻግረናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የናፒየር ወታደሮች ይህን ጠመንጃ ይዘው በአፈሙዙ ከሚጎርስ ነፍጥ ጋር ገጠሙ። ኢትዮጵያ የናሱን ቀለሃ የተዋወቀችው ተተኳሽ ሆና ነው ማለት ይቻላል። በጋፋት መድፍ ያስቀለጡት ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥ እንኳ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣ ስጦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የናሱ ቀለሃ በብዛት ገባ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ረሚንግቶን ጠመንጃዎቹ በዐፄ ዮሐንስ ጦር እጅ ወደቁ። ሸዋ ደግሞ የፈረንሳዩን ግራ ጠመንጃ በነጋዴዎች አስመጣች፤ ሕዝቡም ውጅግራ አለው። ከዚህ ላይ ሽጉጡ ያስተማረንን ጥያቄ እናንሣ፦ ከጥይቱ አራት ክፍሎች የትኛው በአገር ውስጥ ሊተካ ይችል ነበር? አረሩ ከእርሳስ ነው፤ ማቅለጥና በቅርጽ ማፍሰስ ለአንጥረኛ ቀላል ነው። ባሩድ ከጥንት ጀምሮ በአገር ውስጥ ይወቀጥ ነበር። ቀለሃው፣ ምንም እንኳ በባዕድ አገር ቢሠራ፣ ተለቅሞ ይመለሳል። ካፕሱሏ ግን የአንጥረኛ ሳትሆን የኬሚስት ሥራ ናት፤ ወደቡን አልፋ መምጣት ነበረባት።

ይህን ይዘን በዘመኑ ገበያ ብንቆም ሌላ ነገር ይታየናል። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ የተዘዋወረባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ሻጩ እህሉን ሰፍሮ ጥይት ይቀበላል፤ ጥይቱን አይተኩሰውም፤ ለሌላው ያሳልፈዋል። አሞሌ ተሸርፎ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ዳግም የተሞላ ጥይት ግን ውስጡ አይታይም፤ ባሩዱ ይጉደል፣ ካፕሱሏ ትርጠብ፣ የሚታወቀው በሚተኮስበት ሰዓት ብቻ ነው። በገበያ ቀን እኩል የነበሩ ሁለት ጥይቶች በጦርነት ቀን እኩል አልነበሩም። ልዩነቱን በሕይወቱ የሚከፍለው ደግሞ የመጨረሻው ባለቤት፣ ወታደሩ ነው።

ኃያላኑ ይህን ጥገኝነት አሳምረው ያውቁት ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት በሰፊው የአፍሪካ ክፍል እንዳይገባ የከለከለው ጠመንጃን ብቻ ሳይሆን ባሩድን፣ አረርንና ጥይትንም ጭምር ነው። ጣሊያንም የምኒልክን ልብ ለመመለስ በ1885 ዓ.ም. የላከችው ማባበያ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ነበር። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ የውጫሌን ውል መሻራቸውንም በዚያው ዓመት ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በእኔ አመለካከት ይህ ብልጠት ብቻ አልነበረም። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ተኳሽ እንዳልሆነ፣ ያለ ጥይት ጠመንጃ ዱላ እንደሆነ የተረዳ የመንግሥት አስተዳደር ሥራ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋለው ጦር ያንን ዝግጅት ይዞ ነው የዘመተው። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን መንግሥታቱ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ሲጥሉ፣ የራሷ ፋብሪካ ያላት ጣሊያን እምብዛም ሳትጎዳ፣ ኢትዮጵያ ያረጀና ዓይነቱ የበዛ ጥይት ይዛ ገጠመች። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የውስጥ አርበኞች ከጠላት መጋዘን ጥይት እያወጡ ወደ ዱር መላካቸው የቆየው ጥያቄ እንዳልተፈታ ያሳያል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁለት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እወዳለሁ። አንደኛው፣ በዜና መዋዕልም ሆነ በአረጋዊ አርበኛ ቃል «ጥይት አለቀ» የሚለውን ስታገኙ በዚያ አታብቁ፤ ያለቀው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። እርሳስ ነው? ባሩድ ነው? ወይስ ያቺ ምስር የምታክል ካፕሱል? መልሱ ጦሩ ከአንጥረኛ ጋር ይኑር ወይስ ከወደብ ጋር ይነግራችኋል። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንወቅሰው ትልቁንና የሚታየውን ነው፤ ሽጉጡን፣ ጦሩን፣ መሪውን። ሽጉጡን ባዶውን አዙሩት። ባዶውን ከዞረ ምርመራው ገና አልተጀመረም።