የሯጭ ግርማ ከየት ይመጣል? ከአበበ ቢቂላ እስከ ቶሮንቶው «ማርሽ ቀያሪ»

ቶሮንቶ ተወልደው ያደጉ ልጆች አንድ ስፖርተኛ ሲያስደንቃቸው «ኩል ነው» ይላሉ። አዲስ አበባ ያደጉት ወላጆቻቸው «አሪፍ ነው» ይሉታል። አያቶች ቢጠየቁ ደግሞ «ግርማ ሞገስ አለው» ማለታቸው አይቀርም። ቃሉ በየትውልዱ ይለያይ እንጂ የሚፈለገው ነገር ተመሳሳይ ነው። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውዬው ሲያሸንፍ እንዴት እንደሆነ፣ ሲሸነፍም እንዴት እንደቆመ ይታያል። ሜዳሊያ ያጠለቁ ብዙ ሯጮች ተረስተዋል። የጥቂቶቹ ስም ግን ዛሬም ሲነሳ ሰው ቀና ብሎ ይሰማል። ለመሆኑ ይህ ግርማ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ለቶሮንቶ ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ የሆነው ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረውም፣ ያረፈውም በዚሁ ከተማ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በከተማዋ የታየው

ቶሮንቶ የራሷ ጀግኖች አሏት። በ2000 ቪንስ ካርተር በኤንቢኤ የዳንክ ውድድር ያሳየው ዝላይ የራፕተርስን ስም በዓለም አስጠራ። በ2019 ደግሞ ካዋይ ሌናርድ በፊላደልፊያ ላይ በመጨረሻዋ ቅጽበት የወረወራት ኳስ በቀለበቱ ላይ አራት ጊዜ ነጥራ ስትገባ ከተማው በጩኸት ተናወጠ። ራፕተርስም በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ካርተር የሚታወቀው በሚያስጮኸው ዝላዩ ሲሆን ካዋይ ግን ከሜዳ ውጭ ቃል የሚቆጥብ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱም ተወደዋል። እንግዲያው ጩኸትም ሆነ ዝምታ ለብቻው ምስጢሩ አይደለም ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ጁን 1 ቀን 1997 የዚያን ጊዜው ስካይዶም፣ የዛሬው ሮጀርስ ሴንተር፣ የዓለምን ፈጣን ሰው ለመለየት ተብሎ የ150 ሜትር ሩጫ ተዘጋጅቶበት ነበር። በአንድ በኩል በ1996 አትላንታ ላይ 100 ሜትርን በ9.84 ሴኮንድ የዓለም ሪከርድ ሰብሮ ያሸነፈው፣ ከጃማይካ የመጣው ካናዳዊ ዶኖቫን ቤይሊ ቆመ። በሌላ በኩል የ200 እና የ400 ሜትር ባለድሉ አሜሪካዊ ማይክል ጆንሰን ነበር። ጆንሰን በመካከል እግሩን ይዞ ሲያቆም ቤይሊ አሸነፈ። ነገር ግን ወዲያው ተጋጣሚውን ፈሪ ብሎ በመሳደቡ ብዙ የራሱ ደጋፊዎች እንኳ ቅር ተሰኙ፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ውድድሩን ያሸነፈው ሰው ግርማውን በአንዲት ቃል ሊያጣ ምን ያህል እንደቀረበ በዚያን ዕለት ታየ።

ባለ ማዕረጉ ሯጭ

ወደ አገር ቤት እንመለስና፣ በአማርኛ የሯጭ ክብር በስሙ ላይ ተጽፏል። ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ። የኢትዮጵያ ሩጫ ያደገው በጦር ሠራዊቱና በፖሊስ ክለቦች ውስጥ ስለሆነ ድል የሚከፈለው በማዕረግ ነበር። ከወታደር የሚጠበቀው ደግሞ ሕመሙን አለማሳየት፣ ከሰልፉ አለመውጣትና ከድል በኋላ አለመፎከር ነው። አበበን ዓለም ያደነቀው በዚሁ ጠባይ ነው።

የክብር ዘበኛው ወታደር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ለታይታ አልነበረም። የሚመቸው ጫማ አላገኘም፤ በባዶ እግር መሮጥ ግን የለመደው ነው። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድሞ አጥንቶ ስለነበር ሙሶሊኒ ከአክሱም አስነቅሎ ሮም ላይ ያስተከለው ሐውልት የት እንደቆመ ያውቃል። ሞሮኳዊውን ራዲን ትቶ የተፈተለከውም እዚያው አካባቢ ሲደርስ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጅቶ በምሽት በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲገባ ፉከራ አላሰማም። ሐውልቱም በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነውም፣ ሁለተኛ የወጣውን በአራት ደቂቃ በልጦ ገባ። ሌሎቹ ደክመው እየተዘረጉ ሳለ እሱ ሣሩ ላይ ወርዶ እጅና እግሩን ያፍታታ ጀመር። ተመልካቹ አፉን ይዞ ቀረ። ዋናው ፈተና የመጣው ግን በኋላ ነው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሲሽመደመዱ ከሰው ዓይን አልተደበቀም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የቀስት ውድድር ተሰለፈ። በ1973 አረፈ። እግሩ ሲከዳው ያልከዳው ግርማ ቀድሞም በእግሩ ላይ አልነበረም።

የተነጠቀው ሞንትሪያል

የአየር ኃይሉ ምሩፅ ይፍጠር ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ፀጉሩም ቀድሞ የሸሸ ሰው ነበር። በመልክና በቁመና ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በ5 ሺህ ሜትር ግን ሳይሰለፍ ቀረ፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ በተለያየ መንገድ ይወራል። ቁጭቱን የሚወጣው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ በነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ከኦሊምፒኩ ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ሳይሮጥ ቀረ፤ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ሁለቱንም ወርቅ ደግሞ ወሰደ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሯጭ አራት ዓመት ቆይ ሲባል ትርጉሙ ግልጽ ነው።

እሱ ግን ቆየ። በ1977 ዱሰልዶርፍ በተደረገው የዓለም ዋንጫ አፍሪካን ወክሎ 5 ሺውንም 10 ሺውንም አሸነፈ። በ1979 ሁለተኛው የዓለም ዋንጫ የተደረገው በዚያው በሞንትሪያል ነበር። ምሩፅ በተከለከለበት ከተማ ተመልሶ አሁንም ሁለቱንም ርቀት ወሰደ። የዛሬ ካናዳውያን ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ሊያውቁት ይገባል።

ማርሹ የተቀየረበት ቀን

በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በ10 ሺህ ሜትር እየተፈራረቁ ፍጥነቱን አንዴ ያከሩታል፣ አንዴ ይለቁታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ምሩፅ አልቸኮለም። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር እንደ መኪና ማርሽ ቀየረና ጥሎ ሄደ። 27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ። ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስም የተገባው ነው።

በ5 ሺህ ሜትር ደግሞ በመጨረሻው ዙር ምሩፅ በሯጮች መካከል ታጥሮ መውጫ አጣ። ፊት የነበረው መሐመድ ከድር ወደ ጎን ዘወር ብሎ መንገድ ከፈተለት። በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ። አሜሪካ፣ ኬንያና ካናዳ ጭምር በሞስኮ አለመገኘታቸው እውነት ነው። እሱም በሞንትሪያል ያልተገኘው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም።

ጋዜጠኞቹ ግን ከሩጫው ይልቅ ዕድሜው አሳሰባቸው፤ ያረጀ ስለመሰላቸው አጥብቀው ጠየቁት። መልሱ በዓለም ዞረ፦ ሰው ዶሮዬን ሊሰርቅ ይችላል፣ በጌንም ሊሰርቅ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አለ። አልተቆጣም፣ አልተሟገተም። በገበሬ ቤት ጨዋታ ጠያቂውን አሳቀና ነገሩን ዘጋ።

ለሌላው መንገድ መልቀቅ

መሐመድ ከድር የለቀቃት ቀዳዳ በኋለኞቹም ታይታለች። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትርን አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ምሩፅን ከሞንትሪያል ያስቀረው የዘር መድልዎ ጉዳይ በ16 ዓመቱ በሩጫ ሜዳ ላይ እንዲህ ሲያበቃ ታየ። በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን ደግሞ ደራርቱ ከሕመም ጋር የምትታገለውን እንግሊዛዊት ፖላ ራድክሊፍን አይዞሽ ስትል ታየች፤ ቀጥላም ውድድሩን አሸነፈች።

በ2004 አቴንስ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን በጉዳት ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን እየዞሩ ሲመለከቱና ሩጫውን ሲያቀዘቅዙለት ታይተዋል። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ወርቁ የቀነኒሳ፣ ብሩ የስለሺ ሆነ። ከዚያ ሩጫ በብዙ ሰው ልብ የቀረው ግን ያ ወደ ኋላ መዞር ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ

በአበበና በምሩፅ ዘመን የኦሊምፒክ ሯጭ አማተር ነበር፤ በሩጫው ገንዘብ ቢቀበል ይታገዳል። ደንቡ የላላው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በሞስኮው ውድድር ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ኃይሌ የምሩፅን ድል አሰላ አካባቢ በሬዲዮ ሰምቶ ሯጭ ለመሆን እንደቆረጠ ደጋግሞ ተናግሯል። ልጁ አድጎ ባለሙያ ሯጭ ሆነ፤ ሪከርድ ሰበረ፤ ሕንፃም ሠራ። ሬዲዮው ላይ የተሰማው ሰውዬ ግን በሩጫ የሚከበርበት ዘመን ሳይደርስለት ጡረታ ወጣ።

ምሩፅ በቶሮንቶ እንደማንኛውም ስደተኛ ኖረ። ዲሴምበር 22 ቀን 2016 በመተንፈሻ አካል ሕመም በ72 ዓመቱ እዚሁ አረፈ፤ አስከሬኑም ወደ አገሩ ተወስዶ አዲስ አበባ ተቀበረ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ዳንፎርዝ ላይ በእግሩ ቢያልፍ ካናዳዊው መንገደኛ አያውቀውም ነበር። የሚያሳስበው ግን የራሱ ወገን ልጆች ያውቁት እንደሆነ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

ልጆቹ ካዋይን ቢያደንቁ ክፋት የለበትም፤ ያ ዝምታ ከአበበ ዝምታ ጋር ይዛመዳል። ነገር ግን በ1979 ሞንትሪያል ላይ ማን እንደሮጠ፣ ሞስኮ ላይ ማን መንገድ እንደለቀቀ የሚነግራቸው ሌላ የለም። ትምህርት ቤታቸው ይህን አያስተምርም። ከእንጀራው ጎን ሲቀመጡ ወላጅ ካልነገራቸው ታሪኩ በዚህ ትውልድ ይቆማል። የሞስኮው ሩጫ በፊልም ተቀርጿል፤ አብሮ ለማየት ግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃል።