የጋብቻ ወረቀትና እኛ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይበሉ እንጂ፣ ጋብቻን አደራ የሰጡት ለሽማግሌና ለምስክር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ ተቀበለ። የክብር መዝገቡ ግን ማስጀመሪያ ትእዛዝ ሲጠብቅ ዘመናት አለፉ።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ስንሰፍር ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነብን። ፈቃዱ ከሠርጉ ይቀድማል፤ በሜሪላንድ ስድስት ወር፣ በቨርጂኒያ 60 ቀን ብቻ ይጸናል። ያጋባው ካህን፣ ሼክ ወይም ሹም ፈርሞ ካልመለሰው፣ የተረጋገጠ ቅጂ ማውጣት አይቻልም።

ማኅበራችን በተመሠረተ ሰሞን አንድ ወንድማችን ባለቤቱን ለማምጣት አመለከተ። አገር ያየውን ሠርግ «ከመዝገብ አሳየን» ተባለ። ከየት ያምጣ? በሠርጉ የነበሩ ሁለት አባሎቻችን ቃለ መሐላ ፈርመው ሰጡለት፤ ባለቤቱም መጣች። በአገራችን የጋብቻ ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምትጋቡ ልጆቻችን፣ የተረጋገጠውን ቅጂ ሁለት ሦስት አውጥታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ለተጋቡት ግን መዝገባቸው እኛው ነን፤ በሕይወት ሳለን እንመስክርላቸው።